የሙሴ ጥብስ

ባለፈው ታኅሣሥ ጎንደር ሄጄ ፒያሳ ላይ ስዘዋወር፣ ከአንድ አሮጌ ዳቦ ቤት በር ያረረ ሽንኩርትና የተጠበሰ ዱባ ሽታ መጣብኝ። እግሬ በራሱ ቆመ። ከኋላዬ ባጃጁ ጡሩንባውን ይነፋል፣ ሰው እየገፋኝ ያልፋል፣ እኔ ግን እንደ ሞኝ አፍንጫዬን ወደ በሩ አቅንቼ ቀረሁ። ባንኮኒው ጋ ያለው ልጅ «እማማ፣ ዳቦ ፈልገው ነው?» ሲለኝ ምን ልበለው? «አዎ» አልሁና ያላሰብሁትን ዳቦ ገዝቼ ወጣሁ። የዳቦ ቤቱ ሠራተኞች ምሳቸውን ምድጃው ውስጥ ከተው ኖሯል። እኔ ያን ሽታ የማውቀው ከሌላ ምሳ ነው፤ ከአክስቴ የማኅበር ምሳ።

ያን ዓመት የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ መንገዱ፣ ፎቁ፣ የዳቦ ምድጃው ግን ትቶት እንደሄደ ነበር። ቤታችን ሳንጃ ነው፤ አባቴ ሰሊጥ ይነግዳል። እናቴ ወንድሜን ወልዳ ስትደክም፣ አላስቀምጥ ያልሁት እኔ ጎንደር አክስቴ ዘንድ ተላክሁ። ቅጣት መስሏቸው ይሆናል። ለእኔ ከሳንጃ ሙቀት ወጥቶ ፎቅና መብራት ያለበት ከተማ መግባት ሠርግና ምላሽ ነበር።

እትዬ አትጠገብ የእናቴ ታላቅ እኅት ናት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትራመድ የምትሮጥ የምትመስል ሴት ነበረች። ባሏ በጦርነቱ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም። ለብዙ ጊዜ የሠራችው ፒያሳ ላይ ሱቅ የነበረው አንድ ግሪክ ቤት፣ በወጥ ቤትነት ነው። ያን ጊዜ የነጭ ነጋዴ ሁሉ መጠሪያው «ሙሴ» ነበር፤ እሱም ሙሴ ያኒ ይባላል። ሱቁን ሸጦ ወደ አሥመራ ሲሄድ ለአክስቴ አንድ ከረጢት የአትክልት ዘርና ሰፋፊ የላሜራ መጋገሪያዎች ትቶላት ሄደ። የሰፈሩ ሰው ደግሞ ስሟን ትቶ «የፈረንጅ ቤቷ» ይላት ነበር።

ከቤቷ ጀርባ ያለውን ጓሮ ብታዩት። ጎረቤቱ ሁሉ ጎመንና ቃሪያ ሲተክል፣ እሷ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣ ታበቅላለች። ጠዋት ጠዋት ውኃ እያጠጣች ታወራቸዋለች፤ አንዱን «አንተ ሰነፍ» ትለዋለች፣ ሌላዋን «አይዞሽ እቴ» ትላታለች። ገበያ ወጥታ ዱባ ስትገዛ ደግሞ በጥፊ እየመታች ጆሮዋን ታስጠጋለች። «ይኸኛው በስሏል፤ ስሚው» ትለኛለች። እኔም እመታና እሰማለሁ፤ ምንም አይሰማኝም፤ ግን «አዎ በስሏል» እላለሁ።

እትዬ አትጠገብ አጥብቃ የምትመኘው ነገር አንድ ነበር፤ ማኅበር መግባት። የሰፈሩ ሰዎች የገብርኤል ማኅበር አላቸው። በየወሩ ገብርኤል ዕለት ከአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ይጸልያሉ፣ ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ጽዋውን ለባለ ተራው ያስረክባሉ። አንዱ ሲታመም ሌላው ያስታምማል፤ ሲሞትም ማኅበርተኛው ነው የሚቆምለት። ለብቸኛ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ነገ ብወድቅ ማን በሬን ይከፍታል?» ትል ነበር ለእናቴ። ነገር ግን ልግባ ባለች ቁጥር መልሱ «እስቲ እናያለን» ነው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘነቡማ ነገር አታለባብስም። «የእሷ ድስት ጾም አያውቅም» ብላ ቁርጡን ተናግራለች።

ያን ዓመት ግን ኅዳር ላይ እሺ አሏት። የታኅሣሥን ገብርኤል እሷ ቤት ሊውሉ ተስማሙ። ማኅበሩ ቤቷን አይቶ፣ እጇን ቀምሶ ደስ ካለው ትገባለች፤ ካላለው ጽዋውን ይዘው ይሄዳሉ፣ ነገሩም በዚያው ያከትማል። ታኅሣሥ ገብርኤል የሚውለው ደግሞ በነቢያት ጾም መካከል፣ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ነው። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ።

ወሬውን ይዛ ስትገባ ሻሿን ፈትታ አሰረችው፣ ደግማ ፈታችው።

«ብርቄ፣ ሽሮ አላቀርብም» አለችኝ። «ሽሮማ በየቤታቸው አለ። ለሙሴ የሚለሰልስ ነገር ነው መሥራት ያለብን። ጥርስ የላቸውም።»

የእኔ ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር የማኅበር አለቃም ሙሴ ይባላል፤ ሕዝቡን እንደመራው እንደ መጽሐፍ ቅዱሱ ሙሴ ማለት ነው። አክስቴ የምትለው የማኅበሩን ሙሴ፣ ሽማግሌውን ባላምባራስ ተገኘን ነበር። እኔ የማውቀው ሙሴ ግን አንድ ብቻ ነው፤ ቀደም ሲል ጎንደር በመጣሁ ቁጥር ከባንኮኒው ጎንበስ ብሎ ከረሜላ የሚሰጠኝ ግሪኩ። አክስቴ እሱንም «እሳቸው» ስለምትል አነጋገሯ አልለየልኝም። ስለዚህ ሙሴ ያኒ ከአሥመራ ሊመጣ ነው፤ ጥርሱም ረግፏል። ከረሜላ ጥርስ ያረግፋል የምትለው እናቴ እውነቷን ኖሯል ብዬ ደመደምሁ።

«ታዲያ ምን እንሠራላቸዋለን?» አልኋት፣ ከደስታዬ የተነሣ አንድ ቦታ መቆም አቅቶኝ።

«ጥብስ» አለች። «ዱባ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ድንች፣ ሽንኩርት ከነልጣጩ። ሁሉንም ዳቦ ምድጃ ውስጥ እስኪለሰልስ እንጠብሰዋለን። ከዚያ በለጋ ጎመንና በሰላጣ እናነባብረዋለን። ሎሚ፣ የሰሊጥ ዘይት፣ ሰናፍጭ። በብርድ ወራት፣ በጾም፣ ሙሴ ቤት የማይጠፋ ምግብ ነበር። የሙሴ ጥብስ ነው የምንለው።»

ከዚህ በኋላ ምን ጥርጣሬ ይኖረኛል? ሰውየው ሊመጣ ነው፣ የሚወደው ምግብ ሊሠራለት ነው። ዘይቱን አባቴ በቅል አድርጎ ከሳንጃ ላከ። እኔም እጄን ታጥቤ ጠበቅሁ፤ ገና ወር ያህል ይቀረው ነበር።

በኋላ አንድ ቀን አክስቴ «ጎመኑን ከኮሶዬ ነው ምናመጣ» አለችኝ።

ኮሶዬ ስትል አፍንጫዬን ያዝሁ። ኮሶን አውቀዋለሁ። አባቴ የሆድ ትል ሲያስቸግረው አፍንጫውን ይዞ ይጨልጠውና ቀኑን ሙሉ ከጓሮ አይመለስም። እንግዲህ ኮሶዬ ማለት ሰው ተወስዶ ኮሶ የሚጠጣበት አገር መሆን አለበት። አክስቴን ላለማስቀየም እሺ አልኋት። ጠዋት ቁርስ ስትሰጠኝ ግን ሆዴ ባዶ ይሁን ብዬ አልበላሁም።

ፍርሃቴ የቆየው የጭነት ማኪናውን እስካይ ድረስ ነው። ወደ ደባርቅ ጨው ጭኖ የሚወጣ ማኪና ነበር፤ እኛ ከጨው ጆንያው ላይ ወጣን። አክስቴ ነጠላዋን ፈትታ ከወገቧ ጋር አሰረችኝ። ሞተሩ ሲነሣ ከሥሬ ያለው ዓለም ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ እኔ በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ነፋሱ አፌን ሞልቶ መናገር አቅቶኛል፣ ዓይኔ ያለቅሳል፣ እስቃለሁ። የመንገዱ ዳር ዛፎች እኛን እየተው ወደ ኋላ ይሮጣሉ።

«እትዬ፣ ምነው ዛፎቹ ወደ ጎንደር ይሄዳሉ?»

«ለገብርኤል ነዋ» አለችኝ፣ ሳትስቅ።

አመንኋት። ለሚያልፈው ዛፍ ሁሉ «በገብርኤል እንገናኝ» እያልሁ እጄን ሳውለበልብ ኮሶዬ ደረስን።

እዚያ ያለው ብርድ ሌላ ነው፤ ጆሮ ይቆነጥጣል። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ደመናው ከእግሬ በታች ተኝቷል። አክስቴ ወደምታውቃት አንዲት ባላገር ሴት ማሳ ወሰደችኝ። ጎመኑ ላይ ነጭ ነገር ተነስንሷል፤ ፀሐይ ሲነካው ያብለጨልጫል።

«ስኳር ነው?» አልሁ።

«ቅመሽው» አለች አክስቴ።

ምላሴን አወጣሁና ቅጠሉን ላስሁ። ቀዝቃዛ ሆኖ ጠፋብኝ። ሌላ ላስሁ፣ እሱም ጠፋ። በዚያ መስመር ያለውን ጎመን ሁሉ እያጎነበስሁ ስልስ ባለ ማሳዋ ደንግጣ አየችኝ።

«ውርጩ ፈጀብኝ» አለች ሴትየዋ ለአክስቴ፣ እንደማፈር ብላ። «ሸጋ ጎመን ነበረኝ። አሁን ለሰው ሚሰጥ አይደለም።»

«እኔ ምፈልገው እሱን ነው» አለቻት አክስቴ። «ውርጭ የመታው ጎመን ይጣፍጣል። በጥሬውም ይበላል።»

«በጥሬው? እኛ ፍየል ነን ወይ?» አለች ሴትየዋና ሳቀች፤ ግን ለጋ ለጋውን እየመረጠች ሰጠችን። ከገደሉ አፋፍ የነቀለችውን አንድ እቅፍ ጦስኝም ጨመረችልን። ልንሄድ ስንል መታገሥ አቃተኝና «ኮሶውስ?» አልኋት። ወደ አንድ ዘርፋፋ አበባ ወዳንጠለጠለ ትልቅ ዛፍ ጠቆመችኝ። «ያው ያውልሽ። ትፈልጊያለሽ?» ስትል አክስቴ ጀርባ ተደበቅሁ። ስንመለስ ጦስኙን አቅፌ ተኛሁ፤ ጎንደር ስገባ እኔም ጦስኝ ጦስኝ እሸት ነበር።

ገብርኤል ሦስት ቀን ሲቀረው አክስቴ ወደ ዳቦ ቤት ላከችኝ። ምድጃው ያለው አያ ብሩ ዘንድ ነው፤ ጣሊያን የሠራውን ምድጃ ተረክቦ ፒያሳ ላይ ዳቦ የሚጋግር፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ ደግ ሰው ነበር። «የገብርኤል ዕለት የሙሴ ጥብስ ስለምንጠብስ፣ ዳቦው ሲወጣ ምድጃውን እንዳታበርደው ብላሃለች በይው» አለችኝ። መልእክት ስላክ አንድ ቃል አልጥልም፤ በዚያ እኮራለሁ።

ዳቦ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። አያ ብሩ እንዲሰማኝ ጮክ አልሁና መልእክቱን ከነነፍሱ አወረድሁት። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ወይዘሮ ዘነቡ ዳቦዋን በመሶብ ይዛ ቆማ ነበር።

«የማን ጥብስ ነው ያልሽው፣ እቴ?»

«የሙሴ።»

«በጾሙ?»

«አዎ። ሙሴ በጾም እሱን ነው የሚበሉት።»

ወይዘሮ ዘነቡ አማተበችና ሳትሰናበት ወጣች። ሰው ስለ ሙሴ ያኒ መምጣት እንዲህ መደንገጡ አስደሰተኝ። በደስታ እየዘለልሁ ቤት ገባሁ።

ጥብስ ማለት ለጎንደር ሰው ሥጋ ነው፤ የካሮት ጥብስ ማንም ሰምቶ አያውቅም። ሙሴ ማለት ደግሞ ባላምባራስ ተገኘ ናቸው። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከፒያሳ እስከ ሰፈራችን ያለው ሰው ሁሉ፣ ባላምባራስ በነቢያት ጾም ሥጋ እንደሚበሉ፣ የምታበላቸውም የፈረንጅ ቤቷ አትጠገብ እንደሆነች ሰማ። ዳቦውን ሊያግዟት ቃል የገቡት ሴቶች አልመጡም። ወይዘሮ ዘነቡ ያዋሰችንን እንስራ በልጇ አስወሰደች። አክስቴ ምክንያቱን ስላላወቀች በሩ ላይ እየቆመች መንገዱን ታያለች።

ነገሩን ያስረዳን አያ ብሩ ነው። በማግስቱ ከነዱቄቱ መጣና ደጅ ላይ እንደቆመ «አንች አትጠገብ፣ ምን እያሉሽ እንደሆነ ሰምተሻል?» አላት። ሁሉንም ነገራት። አክስቴ የሰማችው ስላልገባት ደግሞ እንዲነግራት ጠየቀችው። ከዚያ ከመደቡ ላይ ቁጭ አለች።

«ሽሮሽን ሠርተሽ ተገላገይ» አላት አያ ብሩ። «ስለ ጥብሱ ማን ያስታውሳል?»

«ሽሮ ብሠራ ጥብሱን ደብቃ ነው ይሉኛል።»

«እንግዲያው የግሪኩ ምግብ ነው በያቸው።»

«እሱን ስል ደግሞ፣ ይኸው የፈረንጅ ድስት ይላሉ።» ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «ለእኔስ ይሁን፣ የለመድሁት ነው። ባላምባራስ ምን አደረጉ? በእኔ ምክንያት ስማቸው ይጥፋ?»

እኔ መሃል ቆሜያለሁ፤ ከነገሩ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ አክስቴ ልታለቅስ መሆኑን ነው። ፈራሁ፤ የኮሶዬን ገደል እንኳ እንደዚያ አልፈራሁትም። አክስቴ ግን አላለቀሰችም። ብድግ አለችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

«እጠብሰዋለሁ» አለች። «በጠራራ ፀሐይ፣ በር ከፍቼ። ምን እንደምጠብስ ዓይን ያለው ሁሉ ይየው።»

የገብርኤል ዕለት የሆነውን ሳስብ አሁንም ልቤ ይዘላል። ማኅበርተኛው ቤተ ክርስቲያን ሳለ እኛ አትክልቱን በመጋገሪያዎቹ ደርድረን፣ ምንም ሳንሸፍን፣ በፒያሳ መሃል ለመሃል ተሸክመን ሄድን። አክስቴ ከፊት፣ እኔ አንድ ትልቅ ዱባ ታቅፌ ከኋላ። ሰው ከየሱቁ እየወጣ ያያል። አንድ ጠጅ ነጋዴ «ሥጋው የታለ?» ሲል፣ ዱባዬን ወደ ላይ አነሣሁለት። ሳቀ፤ እኔም ከዚያ በኋላ ለሚያየን ሁሉ ሳልጠየቅ ዱባውን እያነሣሁ አሳየሁ።

አያ ብሩ ዳቦውን አውጥቶ የምድጃውን አፍ ከፍቶ ጠበቀን። ዱባውን ሰንጥቆ ከፈለልን። አክስቴ ሁሉንም በዘይት አሸችው፣ ጨው ነሰነሰችበት፣ ጦስኙን በላዩ በተነችው። እሱ በዚያ ረጅም እጀታ ባለው የእንጨት አካፋ መጋገሪያዎቹን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ገፋቸው። መጀመሪያ ዘይቱ መንጫጫት ጀመረ። ቀጥሎ ጦስኙ ሸተተ፣ ከዚያ የሽንኩርቱ ልጣጭ አረረ፣ በመጨረሻ የዱባው ጣፋጭ ሽታ መጥቶ ሁሉንም ዋጠው። መንገደኛ በሩ ላይ ይቆማል፣ አንገቱን ያስገባል፣ ካሮት አይቶ ተገርሞ ይሄዳል። አያ ብሩ አንድ ነጭ ሽንኩርት ከነእሳቱ አውጥቶ ጨመቀልኝ፤ እንደ ቅቤ ለስልሶ ወጣ። ዳቦ ላይ ቀብቼ በላሁትና ሁለተኛ ጠየቅሁ።

ቤት ስንመለስ የቀረው ሥራ የእጅ ነው። አክስቴ ጎመኑን በቀጭኑ ከትፋ በሎሚና በጨው እንዳሸው ሰጠችኝ። እሸዋለሁ፣ እሸዋለሁ፤ ያ ሸካራ ቅጠል እጄ ውስጥ እየለሰለሰ፣ እያነሰ፣ አረንጓዴው እየጠቆረ መጣ። እሷ ሰናፍጩን በዘይት ስትመታ ሽታው ዓይናችንን አስለቀሰንና ተያይተን ሳቅን። ቀይ ሥሩ ብቻ ነው ከነልጣጩ የቀረው፤ ውጭውን ላየው የምድጃ ድንጋይ ነው የሚመስል። መጨረሻ ላይ ላጠችውና ቆራረጠችው። ሁሉም በትልቁ ሳፋ ተነባበረ፣ ጨርቅ ለበሰ።

ማኅበርተኞቹ መጡ። ሁሉም መጡ፤ ግን ለመብላት ይምጡ ለማየት አልለየም። በግድግዳው ዙሪያ ተቀመጡ። የማኅበሩ ቄስ ጸሎት አደረሱ። ከውጭ «ሙሴ መጡ» ሲባል ሁሉም ብድግ አለ። እኔ ያን ሰዓት ስጠብቅ ነው ወር ያህል የኖርሁት። በሰው እግር መሃል ሾልኬ በሩ ዘንድ ደረስሁ። የገቡት ግን ካባ የለበሱ፣ ምርኩዝ የያዙ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከኋላቸው አየሁ። ማንም የለም።

«ሙሴ የታሉ?» አልኋቸው።

«ሙሴማ እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ ባላምባራስ ተገኘ።

«እርስዎ አይደሉም። ሙሴ ያኒ ጢማቸው ቀይ ነው፣ ከረሜላም አላቸው። ጥብሱ እኮ የእሳቸው ነው።»

አክስቴ ሳፋውን ይዛ በድንጋጤ ደርቃ ቀረች። ወይዘሮ ዘነቡ ከመቀመጫዋ «የግሪኩ ጥብስ ነው እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። «እንግዲያው ባላምባራስ አይደሉም?»

«የግሪኩ ነው» አለች አክስቴ። «እሳቸው ቤት የተማርሁት ነው። እሳቸውም ይጾማሉ፤ ጾም ሲሆን ሥጋ እቤታቸው አይገባም ነበር። ያመነኝ ይብላ። ያላመነኝም፣ ገብርኤል ያውቃል።»

ሳፋውን ከመሃል አስቀምጣ ጨርቁን ገለጠችው። ጊዜው ግን የቀይ ሥሩ ክፋት የሚወጣበት ሆነ። ያ ደም የመሰለ ጭማቂ ዱባውን አቅልሞት፣ ድንቹን አቅልሞት፣ ከሳፋው ሥር ተኝቷል። ቁርጡ እንደ ጉበት ያብረቀርቃል። ወይዘሮ ዘነቡ አፏን ያዘች። ሌሎቹም እጃቸውን ሰበሰቡ። «ቀይ ሥር ነው፣ ከጓሯችን ነው» ብዬ ብጮህም የሚሰማኝ አላገኘሁም።

ባላምባራስ ተገኘ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ከሳፋው ፊት ተቀመጡ።

«ተገኘ በጾም ጥብስ ይበላል ብላችሁ አስወርታችሁብኛል» አሉ። ከንፈራቸውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው ለሁሉም አሳዩ። «እስቲ በየትኛው ጥርሴ?»

መጀመሪያ የሳቁት ቄሱ ናቸው። ባላምባራስ ከዚያ ቀዩን ቁርጥ አነሡና ጎረሱት። ድዳቸው ሲሠራ ሁላችንም አፍ አፋቸውን እናያለን። ዋጡ። ዱባ ጎረሱ። ጎመኑን ገና ሲያነሡ ጠጋ አልሁ፤ ያሸሁት እኔ ነኝ። እሱንም አላምጠው ዋጡት። ከዚያ በኋላ ምንም ሳይናገሩ እየደጋገሙ በሉ። ሰው የእሳቸውን ፍርድ ይጠብቃል፤ እሳቸው ማቆም አልቻሉም።

«ጥርሴ ካለቀ ወዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ እጃቸውን እየጠረጉ፣ «ማኅበር ስመጣ ቤቴ አጥሚት ጠጥቼ ነው ምመጣ። እናንተ ስትበሉ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ጠርቶኝ ያላበላኝ የለም፤ ምን እችላለሁ ብሎ ያሰበልኝ ግን ይች ናት።» ወደ አክስቴ ዞሩ። «ሸጋ ነው። ክርስትና ስምሽ ማነው?»

አክስቴ ሻሿን አስተካከለች። ስሟን የጠየቃት ሰው ከጠፋ ስንት ዘመን ሆኖት ይሆን? «ወለተ ሐና» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ እንደምትናገር። እኔም ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ቄሱ ተነሥተው መስቀላቸውን ያዙና «እኅታችንን ወለተ ሐናን በማኅበራችን ያጽናልን» አሉ። ቤቱ ሙሉ «አሜን» አለ። ከዚያ ሳፋው ላይ የወረደውን እጅ ብታዩት፤ ሰላጣው ይነሣል፣ ካሮቱ ይነሣል፣ እንደ ፍየል ጥሬ ቅጠል መብላት ቀርቶ የሰናፍጩን ጠብታ በዳቦ የሚጠርጉ ነበሩ። እኔ በደስታ አብጄ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሮጥሁ «ጎመኑን እኔ ነኝ ያሸሁት» እላለሁ።

ወይዘሮ ዘነቡ ከሁሉም ዘግይታ ነው የቀመሰችው። ከቀመሰች በኋላ ግን ሳህኗ ቶሎ ባዶ ሆነ። ተነሣችና አክስቴ ወዳለችበት መጣች።

«ወለተ ሐና፣ እስቲ ከዚያ ከቀዩ ጨምሪልኝ» አለቻት።

አክስቴ ማንኪያውን እንደያዘች፣ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። ወይዘሮ ዘነቡ ሳህኗን ዘርግታ ትጠብቃለች። እኔ ነኝ ቀሚሷን ጎተት አድርጌ «እትዬ፣ አንችን እኮ ነው» ያልኋት።